የአርፋጆች ደብተር

ሲስተር ለተብርሃን ከቢሮ ብቅ ብለው
ደብተር አስያዙኝ፣ እስክሪብቶ አክለው፤
«በሩ ያንቺ ነው» አሉኝ፣ «አርፋጅ ትጽፊያለሽ፤
ሰኞ ትጀምሪና ዓርብ ታስረክቢያለሽ።»

ለደወሉ ሌላ፣ ለሰንደቁ ሌላ፣
ለቤተ መጻሕፍቱ ነጂባ ተመርጣ፣
ለእኔ የደረሰኝ የብረቱ በር ነው፤
ባጁም አብሮ መጣ።
ሰማያዊ ክብ ነው፣ ጫፉ የተላጠ፣
ከእኔ በፊት ማን እንደሰካው እንጃ፣
እኔ ግን ስሰካው ቁመቴ በለጠ።
ከበሩ ቆሜ ወደ አራዳ ባይ
የነገሥታቱ ግንብ አጠረብኝ ያን ዕለት፤
እግዜር ይይልኝ፣ አላጋነንኩም፣
አንድ ክንድ ያህል ነው የበለጥኩት።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ አንዱን ክንፍ እገፋለሁ፤
የደረሰ ይገባል፣ የቀረውን እጽፋለሁ።
ነጂባን ጻፍኳት፣ ቁልፏ ከእጇ እንዳለ፤
«ታውቂኛለሽ እኮ!»
«ሙሉ ስም» አልኳት።
ያኔ ያየችኝን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁት።

አዛናው ግን በየቀኑ። አምስት ደቂቃ፣ ስድስት።
ከንጋት ጀምሮ በሚኒባስ በር ተንጠልጥሎ፣
«አዘዞ! አዘዞ! የሞላ! አንድ ሰው!» ብሎ ብሎ
ድምፁ ሻክሮ ይመጣል፤
የዝርዝር ብር ሽታ ከጣቱ ሳይለቅ
ሹራቡን ከበሩ ውጭ ያጠልቃል።
«ጻፊ» ይለኛል። አይለምን፣ አይቆጣ።
እጽፋለሁ።
ቅጣቱም በየሳምንቱ መጣ፤
የጸሎት ቤቱን ደረጃ ጠረገ፣
በርሜሉን ከቧንቧ ሞላ፣
እጁን በሱሪው አብሶ ክፍል ገባ፣
ከሁሉም ኋላ።

አራተኛው ሰኞ አንገቱን አስግጎ ደብተሬን አየና፣
«እንጉዳይ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አዛናው ነው ስሜ፤
‹አዘናው› ብለሻል፣ የዛዬን እግር ቆርጠሽ፤
አላዘንኩም እኮ እኔ። አላዘንኩም ገና።»
ሄደ።
ገልጬ ቆጠርኩ፤ አሥራ አምስት ጊዜ፣
በቆንጆ እጅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቀለም፣
አንድ ልጅ አሳዝኜ።

ሰኔ ገባ። ሌሊቱን የወረደው ዝናብ
ቀሃን አሳብዶት አደረ፤
የእኛ ሰፈር ከወንዙ ማዶ ነው፣
ውሃው እስኪጎድል ዳር ቆሜ
ሰዓቱ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ።
ደብተሩን በሹራቤ ሸሽጌ፣
ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ፤
ደረስኩ፣ ሁለት ከሃያ።

በሩ በግማሽ ተዘግቷል፣ እንደ ወጉ።
አርፋጆቹ በዘበኛው ቤት ክዳን ሥር
ተደርድረው ቆመዋል፤
አዛናው ጠመኔ ይዟል።
ማንም አላዘዘውም።
በብረቱ በር ጀርባ፣ ዝናብ በማይነካው፣
ስም በስም ጽፏል፤ ከሁሉም በላይ የራሱን፣
ዛው ከነእግሩ።

«ማን ሾመህ?» ልለው ነበር። አፌ ላይ ቀረ።
ባጁን ፈትቼ ዘረጋሁለት፤
«ተይው፣ ይበሳል» አለ፣ «ሹራቤ አንድ ነው።»
ከዚያም ጠመኔውን አንስቶ፣
ዐይኑን ከበሩ ሳይነቅል፣
«የአንቺስ በየትኛው እ ነው?
በአልፋው ነው በዐይኑ?»
ዘጠኝ ዓመት ስማር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
«በአልፋው» አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።
ጻፈኝ።

ሲስተር ለተብርሃን በጃንጥላ መጡ፤
ከእሳቸው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣
«መምራት ማገልገል ነው» የሚለው ቀለም
(ዓመቱን ሙሉ ሳላነበው ያለፍኩት)
በዝናብ ርሶ ደምቋል።
በሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡ።
«ይህ ጠመኔ ከየት መጣ?» ብቻ አሉ።
መልስ የሰጠ አልነበረም።

በእረፍት ሰዓት ብቻዬን ተመልሼ
ስሞቹን ወደ ደብተሩ ገለበጥኩ፤
ስድስት ልጆች። እኔ ሰባተኛ።
አዛናው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ፤
ዛን ቀስ ብዬ፣
እግሩን አርዝሜ።